ባንክራፕሲው ካለቀ በኋላ የሚደወል ስልክ፦ ስለ ዕዳና ክሬዲት ሪፖርት የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ዘመዴ ቤት ቡና እየጠጣን ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ። «እነዚያ ናቸው» አለችኝ። ቻፕተር 7 ባንክራፕሲ (መክፈል ያቃተው ሰው ዕዳው በፍርድ ቤት የሚሰረዝበት ሂደት) ፋይል አድርጋ ዕዳዋ ከተሰረዘላት ሁለት ዓመት አልፏታል። ሰውዬው ግን የሚጠይቃት የዚያኑ የድሮ ክሬዲት ካርድ ዕዳ ነው። በወር 50 ዶላር እንዲቆርጡባት ልትስማማ ትንሽ ነበር የቀራት።

የፍርድ ቤቱን ወረቀት አምጪው አልኳት። ቁም ሳጥን ላይ፣ ከልጆቿ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፌስታል ውስጥ አገኘነው። ርዕሱ «የዲስቻርጅ ትዕዛዝ» ይላል፤ ዲስቻርጅ ማለት ዕዳው መሰረዙ ነው። ዝቅ ብሎ፣ አበዳሪዎች የተሰረዘ ዕዳ ለመሰብሰብ መሞከር እንደማይችሉ በግልጽ ተጽፏል። አንብባው አታውቅም። ብዙዎቻችንም እንደሷ ነን። ጠበቃው «አልቋል» ሲለን እፎይ ብለን ወረቀቱን እናስቀምጠዋለን። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

«ዲስቻርጅ ከሆንኩ ማንም አይደውልልኝም»

አብዛኞቹ ያቆማሉ። ፍርድ ቤቱ ትዕዛዙን በማመልከቻው ላይ ስማቸው ለተጻፈው አበዳሪዎች በፖስታ ይልክላቸዋል። ነገር ግን ዕዳ እንደ ዕቃ ይሸጣል። ባንኩ ለአንድ ድርጅት ይሸጠዋል፣ ያም ለሌላ። ሦስተኛው ገዢ ጋ ሲደርስ የእናንተ ስምና የገንዘቡ መጠን ብቻ ይቀራል፤ ባንክራፕሲው መንገድ ላይ ተረስቷል።

ትዕዛዙ ግን ገዢውንም ያስራል። ስለዚህ ሲደውሉ አትጨቃጨቁ። የድርጅቱን ስም፣ አድራሻና የሂሳብ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ጻፉ። የኬዝ ቁጥራችሁንና ዲስቻርጅ የሆናችሁበትን ቀን ንገሯቸው። የባንክ ሂሳብ ወይም የካርድ ቁጥር በፍጹም አትስጡ፤ ሶሻል ሴኩሪቲም ጭምር። ከዚያ የትዕዛዙን ኮፒ አያይዛችሁ አጭር ደብዳቤ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ከመቀበያ ደረሰኝ ጋር ላኩ።

ደብዳቤው ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታጋርትና ሎሬንዘን በተከራከሩበት ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። አበዳሪው «ይህን ማድረግ ይፈቀድልኛል» ለማለት የሚያበቃ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ከሌለው፣ ትዕዛዙን በመጣስ ሊቀጣ ይችላል ተባለ። ወረቀቱን በደረሰኝ ከላካችሁለት በኋላ «አላወቅሁም ነበር» ማለት ይከብደዋል። ከዚህም አልፎ ካስቸገራችሁ ወደ ጠበቃችሁ ተመለሱ። የተዘጋ ኬዝ ለዚህ ጉዳይ ተከፍቶ ሊታይ ይችላል።

«ትንሽ ብከፍላቸው ይተዉኛል»

አይተዉም። ከፋይ መሆናችሁን ነው የምታሳዩዋቸው። ደግነቱ፣ 20 ዶላር ስለከፈላችሁ የተሰረዘው ዕዳ ነፍስ አይዘራም። ዕዳን መልሶ በግል መቀበል የሚቻለው ሪአፈርሜሽን በሚባል ስምምነት ነው፤ እሱም ከዲስቻርጅ በፊት ተደርጎ ፍርድ ቤት የሚገባ ሰነድ ነው። በስልክ «እሺ» ማለት ያን አይተካም።

እኛ ዘንድ ዕዳ ማስቀረት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። የአጎት ልጅ ያበደራችሁ 3 ሺህ ዶላር ኬዙ ውስጥ ገብቶ ከሆነና ኅሊናችሁ ከቆረቆራችሁ፣ ከዲስቻርጅ በኋላ በፈቃዳችሁ ብትከፍሉት ሕጉ አይከለክላችሁም። እሱ ግን ሊያስገድዳችሁ አይችልም።

«ዕዳ የሚባል ነገር በሙሉ ጠፍቷል»

አልጠፋም። የልጅ ማሳደጊያና የቀድሞ የትዳር ጓደኛ ቀለብ፣ አብዛኛው የቅርብ ዓመታት ታክስ፣ ጠጥቶ በማሽከርከር በሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ካሳ ይቀራሉ። የተማሪ ብድርም ለብቻው ተጠይቆ፣ መክፈል ከባድ ችግር ላይ እንደሚጥል ለፍርድ ቤቱ ካልተረጋገጠ በቀር ይቀራል።

የቤትና የመኪና ብድር ብዙ ሰው ያምታታል። በግል ዕዳው ትለቀቃላችሁ፤ ንብረቱ ላይ ያለው መያዣ ግን ይቆያል። ካልከፈላችሁ መኪናው ይወሰዳል። ሪአፈርሜሽን ሳትፈርሙ እየከፈላችሁ መኪናውን ከያዛችሁት ደግሞ ክፍያችሁ ብዙ ጊዜ ክሬዲት ሪፖርት (የብድርና የክፍያ ታሪካችሁ መዝገብ) ላይ አይታይም። «በሰዓቱ እየከፈልኩ ለምን አይቆጠርልኝም?» ብላችሁ ስህተት ነው ብትሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት አይደለም።

«አብሮኝ የፈረመው ወንድሜም ነጻ ወጥቷል»

ይህ ቤተሰብ ያፋረሰ ስህተት ነው። ዲስቻርጅ የሚያወጣው ፋይል ያደረገውን ሰው ብቻ ነው። ኮሳይን ያደረገላችሁ ወንድም ዕዳው እንዳለ ይቀርበታል፣ ሊጠየቅም ይችላል፣ የእሱ ክሬዲት ላይ ቢታይም ትክክል ነው። በቻፕተር 13 (ዕዳን በዕቅድ እየከፈሉ በሚጨርሱበት ባንክራፕሲ) ኬዙ ክፍት እስካለ ድረስ ለኮሳይነር የተወሰነ ከለላ አለ፤ በቻፕተር 7 ግን የለም። ቀድማችሁ ንገሩት። ከሰብሳቢ ደብዳቤ ሲያውቀው ነው ነገሩ የሚበላሸው።

«ፍርድ ቤቱ ክሬዲት ሪፖርቴን ያስተካክልልኛል»

ፍርድ ቤቱ ሪፖርቱን ለሚያዘጋጁት ሦስት የክሬዲት ድርጅቶች፣ ለኤክስፔሪያን፣ ለኢኩፋክስና ለትራንስዩኒየን፣ ሪፖርት አያደርግም። እነሱ ባንክራፕሲውን ከሕዝብ መዝገብ ራሳቸው ይሰበስባሉ። በእያንዳንዱ ሂሳብ ላይ የሚጻፈውን ደግሞ በአብዛኛው አበዳሪው ነው የሚልክላቸው። ስለዚህ መፈተሽ የእናንተ ሥራ ነው። ሦስቱንም ሪፖርት አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነጻ ማውጣት ይቻላል።

ስታወጡት ነጥቡን ትታችሁ መስመሮቹን አንድ በአንድ እዩ። የተሰረዘ ዕዳ ትክክለኛ አቀማመጥ ይህ ነው፦ ቀሪ ሂሳብ ዜሮ፣ ያለፈበት ክፍያ ዜሮ፣ ባንክራፕሲ ውስጥ መግባቱን ወይም መሰረዙን የሚገልጽ ማስታወሻ። ባላንስ ካለው፣ «ኮሌክሽን» ተብሎ ክፍት ከሆነ፣ ወይም ፋይል ካደረጋችሁ በኋላ ባሉት ወራት «አልከፈለም» እየተባለ ከተመዘገበ ስህተት ነው። የዘመዴ ሪፖርት ላይ ያው አንድ ካርድ ሁለት ቦታ ተቀምጦ ነበር። ባንኩ ዜሮ ብሎታል። የገዛው ድርጅት ግን ሙሉውን ዕዳ እስከነወለዱ ጽፎታል።

«ዲስቻርጅ ከሆነ ጭራሽ መጥፋት አለበት»

የለበትም። ቻፕተር 7 ፋይል ካደረጋችሁበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ቻፕተር 13ን ድርጅቶቹ በ7 ዓመት ያነሱታል። ሂሳቦቹም መከፈል ካቆሙበት ጊዜ ጀምሮ በ7 ዓመት ገደማ ይወጣሉ። ትክክለኛውን መረጃ ማንም በገንዘብ አያስፋቅም። «ባንክራፕሲህን አጠፋልሃለሁ፣ ቅድሚያ 800 ዶላር» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ፤ ክሬዲት እናስተካክላለን የሚሉ ድርጅቶች ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ እንዳይቀበሉ በፌዴራል ሕግ ተከልክለዋል።

«ለአበዳሪው ጽፌያለሁ፣ ይበቃል»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው መብቱን ያጣል። አበዳሪው ሪፖርቱን መርምሮ የማረም ሕጋዊ ግዴታ የሚጣልበት፣ ካላረመም ልትከሱት የምትችሉት፣ ቅሬታው በክሬዲት ድርጅቱ በኩል ሲደርሰው ነው። ለአበዳሪው ብቻ ብትጽፉ ደብዳቤያችሁን ቸል ቢለው በክሬዲት ሪፖርት ሕጉ የምትይዙት ነገር አይኖርም። ስለዚህ ስህተቱ ላለበት ለእያንዳንዱ ክሬዲት ድርጅት ዲስፒዩት (ስህተቱ ይታረም የሚል ቅሬታ) ላኩ።

ኢንተርኔት ላይም ይቻላል። እኔ ግን ደብዳቤ እመርጣለሁ፣ ምን እንደላካችሁ ኮፒው እጃችሁ ይቀራል። የሪፖርቱን ገጽ ኮፒ አድርጋችሁ ስህተቱን አክብቡት። የዲስቻርጅ ትዕዛዙን፣ አበዳሪው የተዘረዘረበትን የማመልከቻ ገጽና የመታወቂያ ኮፒ ጨምሩ። ኦሪጅናል አትላኩ። «ይህ ዕዳ በዚህ ቀን ተሰርዟል፤ ቀሪው ዜሮ ተብሎ ይስተካከል» ብትሉ በቂ ነው።

ለመመርመር በአብዛኛው 30 ቀን አላቸው፤ አንዳንዴ እስከ 45 ይደርሳል። «አረጋግጠናል፣ ትክክል ነው» ብለው ከመለሱ ተስፋ አትቁረጡ። ሆን ብለው ሕጉን ከጣሱ ከ100 እስከ 1,000 ዶላር ካሳ አለ፣ ጉዳት ከደረሰባችሁም ከዚያ በላይ። ካሸነፋችሁ የጠበቃችሁን ክፍያ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው አንዳንድ ጠበቆች ቅድሚያ ሳይጠይቁ ኬዙን የሚይዙት።

«ዜግነት ያስከለክላል»

ባንክራፕሲ ብቻውን አያስከለክልም። የዜግነት ማመልከቻው የሚጠይቀው ያልተከፈለ ታክስ እንዳለ ነው፤ እሱና የልጅ ማሳደጊያ ናቸው ሊያስቸግሩ የሚችሉት።

«1099-ሲ መጣ፣ ታክስ ልከፍልበት ነው»

ይህን ቅጽ አበዳሪው ዕዳውን ሲተወው ይልካል። በባንክራፕሲ የተሰረዘ ዕዳ እንደ ገቢ አይቆጠርም። ነገር ግን ቅጹን አትጣሉት። ታክስ ሠሪያችሁ ዕዳው እንደ ገቢ እንዳይቆጠር የሚገልጸውን ፎርም 982 እንዲሞላ ንገሩት።

«10 ዓመት ሳይሞላ ቤት አይታሰብም»

ለኤፍ ኤች ኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ለሚሰጠው የቤት) ብድር ከቻፕተር 7 ዲስቻርጅ በኋላ በመደበኛው የሚጠበቀው 2 ዓመት ነው፤ ለተለመደው የባንክ ብድር 4 ዓመት። ከማመልከታችሁ ከጥቂት ወራት በፊት ሦስቱንም ሪፖርት አውጡ። ባላንስ ያለው አንድ የተሳሳተ መስመር አበዳሪው ገቢና ዕዳችሁን ሲያሰላ ይገባበታል፤ ለማስተካከልም ጊዜ ይፈልጋል። ዘመዴም የዲስፒዩት ደብዳቤዋን የላከችው ኮንዶ መፈለግ ልትጀምር ስትል ነበር። መልሱ በአምስተኛው ሳምንት መጣ። የገዢው ድርጅት መስመር ከነወለዱ ተነስቷል። ወረቀቱን አሁን ማቀዝቀዣዋ ላይ በማግኔት ለጥፋዋለች።