በጣሉት ልክ መክፈል ምንድን ነው?

በብዙ የዓለም ከተሞች ለቤት ቆሻሻ የሚከፈለው ገንዘብ ከሚጣለው ቆሻሻ ጋር አይገናኝም። አንዳንድ ቦታ በንብረት ግብር ውስጥ ይካተታል፤ ሌላ ቦታ ከውኃ ሒሳብ ጋር ይደመራል፤ ሌላው ጋ ደግሞ በየወሩ ለሁሉም ቤት እኩል ሆኖ ይመጣል። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በሳምንት አንድ ትንሽ ከረጢት የሚያወጡ እናትና በሳምንት አራት በርሜል የሚሞላ ጎረቤታቸው እኩል ይከፍላሉ። «በጣሉት ልክ መክፈል» የሚባለው አሠራር ይህን ይለውጣል። መብራትና ውኃ በቆጣሪ እንደሚከፈሉት ሁሉ፣ የቆሻሻም ክፍያ አንድ ቤት ለሰብሳቢው ባስረከበው መጠን ይሰላል።

መነሻው ቀላል ነው። ክፍያው ለሁሉም እኩል ሲሆን ተጨማሪ ከረጢት ማውጣት ቤተሰቡን ምንም አያስወጣውም፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ግን መኪና፣ ነዳጅ፣ የሠራተኛ ደመወዝና እየሞላ ያለ የመድፊያ ቦታ ነው። ወጪው አለ፤ ወጪውን የሚፈጥረው ሰው ግን አያየውም። ዋጋው ከረጢቱ ላይ ሲለጠፍ ጠርሙሱን መለየት፣ ልጣጩን ወደ ብስባሽነት መቀየር፣ ብዙ ማሸጊያ ያለበትን ዕቃ መተው ወዲያውኑ ገንዘብ የሚያድን ሥራ ይሆናል።

የሚለካበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንድ ከተሞች ክፍያው ዋጋው ውስጥ የተካተተበት የተለየ ከረጢት ያሸጣሉ። ሌሎች በማንኛውም ከረጢት ላይ የሚለጠፍ ምልክት ይሸጣሉ። ሌሎች ደግሞ በበርሜሉ ስፋት ያስከፍላሉ፤ ትንሽ በርሜል የመረጠ ትንሽ ይከፍላል። በሚዛን የሚሠሩም አሉ። አዲስ ፈጠራ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን የአሜሪካዋ ሲያትል በበርሜል ልክ ማስከፈል የጀመረችው በ1981 ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በ2006 በዩናይትድ ስቴትስ ይህን አሠራር በአንድ ወይም በሌላ መልኩ የሚጠቀሙ ማኅበረሰቦች ከ7,000 በልጠው ነበር። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በጥር 1995 በአንድ ጊዜ በመላ አገሪቱ ጀመረችው፤ በኋላም በብዙ የአፓርታማ ግቢዎች የምግብ ትርፍራፊን መዝኖ ለእያንዳንዱ ቤት የሚያስከፍል ማሽን ተተከለ።

ሰው ግን ለሚለካበት ነገር ራሱን ያመቻቻል። ሲያትል በበርሜል ማስከፈል ስትጀምር ነዋሪዎቿ በርሜሉ ላይ ወጥተው ቆሻሻውን በእግራቸው መርገጥ ያዙ፤ ልማዱ በከተማዋ ስም እስከ መጠራት ደረሰ። ነገሩን በቁጥር ያሳዩት ዶን ፉለርተንና ቶማስ ኪናማን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ናቸው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ባለችው ቻርለትስቪል ከተማ ለእያንዳንዱ ከረጢት የ80 የአሜሪካ ሳንቲም ተለጣፊ ግዴታ ሲሆን፣ የ75 ቤቶችን ቆሻሻ ከለውጡ በፊትና በኋላ መዘኑ። ቆሻሻው የሚይዘው ቦታ በ37 በመቶ ቀነሰ፤ ክብደቱ ግን በ14 በመቶ ብቻ። ሰዎች የጣሉት ያነሰ ቢሆንም ከዚያ ይበልጥ ያሳነሱት እየጠቀጠቁ ነበር። መልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል ተለይቶ የወጣው በ16 በመቶ ጨመረ። ከረጢት ውስጥ ሳይገባ ከቀረው ደግሞ 28 በመቶ ያህሉ በሕገወጥ ወይም በአጠራጣሪ መንገድ ሳይጣል እንዳልቀረ ገመቱ። ጥናቱ የጥቂት ቤቶች ነው፤ ቢሆንም አሠራሩን እንደ ተአምር መድኃኒት ለሚሰብክ ሁሉ አስቀድሞ ቢነበብለት መልካም ነው።

እንግዲህ አንድ ማኅበረሰብ ይህን አሠራር እንዲቀበል መርዳት ማለት ምንድን ነው? ከረጢት ይሻላል ወይስ ሚዛን እያሉ ወራት የሚፈጁ ኮሚቴዎች ይገርሙኛል። ያ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ነዋሪው ዛሬ ለቆሻሻ ስንት እየከፈለ እንደሆነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ መልሱን ማዘጋጃ ቤቱም አያውቀውም። የመኪናው ጥገና በአንድ መዝገብ፣ የሠራተኛው ጡረታ በሌላ መዝገብ፣ የመድፊያው ቦታ በሦስተኛ መዝገብ ተበትኖ ይገኛል። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ቁጥር ካልሆነ የከረጢቱ ዋጋ ከየት ይመጣል? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1990ዎቹ ለከተሞች መምሪያዎችን ሲያዘጋጅ ለወጪ ስሌት ሰፊ ቦታ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጉዳይ የጠቅላላው ዕቅድ ዕጣ የሚወሰንበት ነው ብዬ አምናለሁ፤ አዲሱ ክፍያ የድሮውን ይተካል ወይስ በላዩ ላይ ይጨመራል? የታይዋን ዋና ከተማ ታይፔይ በ2000 በከረጢት ማስከፈል ስትጀምር፣ ቀድሞ ከውኃ ፍጆታ ጋር ተያይዞ ይሰላ የነበረውን የቆሻሻ ክፍያ ከነዋሪው ሒሳብ ላይ አነሣች። ሰዉ የድሮው ክፍያ ሲሄድ በዓይኑ አየ። በዚያ ላይ ለይቶ የሚያወጣውን ወረቀት፣ ጠርሙስና የምግብ ትርፍራፊ መኪናው ያለ ክፍያ ይቀበለዋል። ሆንግ ኮንግ በተቃራኒው በ2021 ሕጉን ካወጣች በኋላ የሚጀምርበትን ቀን ደጋግማ ገፍታ በግንቦት 2024 ዕቅዱን ወደ ጎን አደረገችው። ነዋሪው ለቤት ቆሻሻ ተለይቶ የሚከፍለው ነገር ስላልነበረ የከረጢቱ ዋጋ አዲስ ሸክም ሆኖ ታየው፤ የተለየውን ቆሻሻ የሚቀበል ቦታ በቅርብ አናገኝም የሚለው ቅሬታም በረታ። መውጫ ሳያዘጋጁ መግቢያውን መዝጋት ቁጣን ወይም በጨለማ የሚጣል ከረጢትን ይወልዳል። ስለዚህ መለያው፣ የብስባሹ ማዘጋጃና የመሰብሰቢያው ቀን ከክፍያው ቀድመው ሥራ ላይ መዋል አለባቸው።

የገቢው ጉዳይም አለ። አሠራሩ በተሳካ ቁጥር የሚሸጠው ከረጢት ያንሳል፤ መኪናው ግን ግማሽ ጭነት ቢይዝም በዚያው መንገድ ይዞራል። ሁሉንም ወጪ በከረጢት ዋጋ ለመሸፈን የሞከረ ከተማ ስኬቱ ራሱ ሊያከስረው ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች ክፍያውን ለሁለት ይከፍሉታል፤ የማይቀያየረውን ወጪ የሚሸፍን አነስተኛ መደበኛ ክፍያ አንዱ፣ በመጠን የሚሰላው ሌላው። መደበኛው በጣም ከበዛ ደግሞ ለመቀነስ የሚያነሣሣው ነገር ይጠፋል። ሚዛኑን ማግኘት ስሌት ብቻ አይደለም፤ ድርድርም ነው።

በየስብሰባው የሚነሣው ተቃውሞ «ድሃውንና ልጅ የበዛበትን ቤት ይጎዳል» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኩል ክፍያም ጥቂት የሚጥለውን ድሃ ብዙ ለሚጥለው ባለጠጋ እንደሚያስከፍለው ግን መታወስ አለበት። ጉዳቱን ለመቀነስ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የተወሰነ ከረጢት በነጻ መስጠት ይቻላል። አንዳንድ የስዊዘርላንድ ከተሞች የሕፃን ሽንት ጨርቅ የሚያበዛውን ቆሻሻ አስበው ጨቅላ ላላቸው ቤተሰቦች ነጻ ከረጢት ያድላሉ። ይህ ሁሉ ግን በመጀመሪያው ቀን መኖር አለበት፤ ከተቃውሞ በኋላ የሚመጣ ድጎማ ማንንም አያሳምንም።

ብዙ ቤቶች አንድ በርሜል የሚጋሩበት ሕንፃ ከባዱ ነው፤ ማን ምን እንደጣለ ስለማይታወቅ ጥፋቱም ቁጠባውም የሁሉም ይሆናል። እዚህ ላይ የተለየ ከረጢት ወይም በካርድ የሚከፈት ማጠራቀሚያ ከበርሜል ይሻላል።

ለመጀመር ለሚያስብ ማኅበረሰብ አንድ ሥራ ዛሬውኑ ሊሠራ ይችላል፤ ክፍያው ከመቀየሩ በፊት ያለውን የአንድ ዓመት ቆሻሻ ክብደት መመዝገብ። መዝገቡ በየወሩ ቢለያይ ይመረጣል፤ የበዓል ወር ከሌላው ወር ጋር አይነጻጸርምና። በየጥሻውና በየወንዙ ዳር የሚገኘው ሕገወጥ ቆሻሻም ለብቻው ይመዝገብ። ከስድስት ወር በኋላ አንዱ «ቀንሷል»፣ ሌላው «ወንዝ ውስጥ ነው የገባው» ብሎ ሲከራከር የሚዳኘው ይህ መዝገብ ነው።