ቀይ ቀበሮው ወይስ ፍልፈሉ ይቅደም?

በዱር እንስሳት ጥበቃ «ሊጠፋ የተቃረበው ይቅደም» የሚለው ነገር ደጋግሞ ስለሚያከራክር ላብራራው። ብርቅ መሆንና ለአካባቢው ምሰሶ መሆን፣ ማለትም ሌሎቹ ፍጥረታት የሚደገፉበት መሆን፣ ለየቅል ናቸው።

የባሌ ተራሮችን ከፍተኛ ሜዳ፣ ሳነቴን፣ እንይ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው በመቶዎች ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭም የለም። ፖስተር ላይ የሚወጣውም፣ ገንዘብ የሚያመጣውም እሱ ነው። ግዙፉ ፍልፈል ግን፣ ያ ጥርሰ ገጣጣ፣ ዓይኑ አናቱ ላይ የወጣ ፍጥረት፣ አፈሩን ሲገለብጥ ይውላል። የት ምን እንደሚበቅል በከፊል የሚወስነው እሱ ነው። ለቀበሮውም ዋና ምግቡ ነው።

እርግጡ ይህ ነው፦ የፍልፈሉ ሣር ካለቀ ቀበሮውን ብቻ መጠበቅ ዋጋ የለውም። የቱ ይቅደም የሚለው ግን እንደ ስጋቱ ይለያያል። ስጋቱ ከመንደር ውሾች ወደ ቀበሮው የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ከሆነ፣ ቀበሮውን ለማዳን ውሾቹም ይከተባሉ። ውሻን ደግሞ «ይጠበቅ» ብሎ የሚመዘግበው የለም።