የ10 ኪሎ ሜትር የባሕር ዋና ውድድር፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ማራቶን ዋና የሚባለው በባሕር፣ በሐይቅ ወይም በወንዝ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ነው። አሸናፊዎቹ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ስፖርት በአማርኛ ብዙ ተጽፎ አላገኘሁም። ስለዚህ ያለውን መረጃ እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሩ

የዘመናዊው ኦሊምፒክ ዋና የተጀመረው በባሕር ነው። በ1896 በአቴንስ አቅራቢያ፣ በፒሬየስ የዜአ ሰላጤ፣ ተወዳዳሪዎቹ በጀልባ ወደ ውስጥ ተወስደው እየዋኙ ወደ ዳርቻ ተመለሱ። ውሃው 13 ዲግሪ ገደማ ነበር። የ100 እና የ1200 ሜትሩን ያሸነፈው ሃንጋሪያዊው አልፍሬድ ሃዮሽ ገላውን በወፍራም ቅባት ለቅልቆ ነበር የገባው። በኋላም ከማሸነፍ ይልቅ በሕይወት የመውጣት ነገር ያስጨንቀው እንደነበር ተናግሯል። ከ1908ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ጀምሮ ግን ዋና ቀስ በቀስ ወደ ገንዳ ገባ። ባሕሩም ከኦሊምፒክ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተረሳ።

ከኦሊምፒክ ውጪ ግን ባሕሩ ሰው አላጣም። የዚያን ዘመን መንፈስ በደንብ የሚያሳየው በጥር 1927 በካሊፎርኒያ የተደረገው ውድድር ይመስለኛል። የማስቲካው ከበርቴ ዊልያም ሪግሊ ከካታሊና ደሴት ተነስቶ የአህጉሩን ዳርቻ ቀድሞ ለሚነካ ሰው 25,000 ዶላር እሸልማለሁ አለ። በመካከል ያለው ባሕር 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 102 ሰዎች ውሃ ውስጥ ገቡ። ወቅቱ ክረምት ስለነበር ብርዱ አብዛኞቹን ቶሎ ቶሎ ወደ ጀልባ መለሳቸው። የጨረሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ የ17 ዓመቱ ካናዳዊ ጆርጅ ያንግ። 15 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ዋኝቶ በማግስቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ መሬት ረገጠ። ሁለት ሴቶች ደግሞ ዳርቻው ሊደረስበት ትንሽ ሲቀረው ከውሃ ወጡ። ሪግሊ ለእነሱም 2,500 2,500 ዶላር ሰጣቸው። የሚገባቸው ነበር።

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ስሙ የገነነው አፍሪካዊው የረጅም ርቀት ዋናተኛ ግብጻዊው አብደልለጢፍ አቡ ሄይፍ ነው። የዓለም ዋና ሻምፒዮና በ1991 በአውስትራሊያዋ ፐርዝ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር ጨመረ። 10 ኪሎ ሜትሩ በ2001 ተከተለ። በ2008 ደግሞ ኦሊምፒክ ገባ።

ውድድሩ እንዴት ይካሄዳል?

በባሕር ላይ መስመር የለም። መንገዱ የሚታወቀው በትላልቅ ተንሳፋፊ ምልክቶች ነው። ዋናተኛው በየጥቂት ቀዘፋው ቀና ብሎ ምልክቱን ካላየ ሞገዱና የውሃው ፍሰት ወደ ጎን ይወስዱታል። ያኔ ሌሎቹ 10 ኪሎ ሜትር ሲዋኙ እሱ ከዚያ በላይ ይዋኛል። አንዳንዱ ዋናተኛ በገንዳ ውስጥ ፈጣን ሆኖ ባሕር ላይ የሚሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አካሄዱን ለመረዳት የእኛን 10,000 ሜትር ሩጫ ማሰብ ይበቃል። ብዙዎቹ ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ጉልበት ይቆጥባሉ፣ መጨረሻ ላይ ይፈተለካሉ። ከሌላው እግር ሥር ወይም ከወገቡ አጠገብ የሚዋኝ ሰው የፊተኛው በከፈተው ውሃ ውስጥ ስለሚሄድ ድካሙ ይቀንሳል። በምልክቶቹ ዙሪያ ሲታጠፉ ግን ክርንና እግር ይጋጫል፣ መነጽርም ይወልቃል። ሆን ብሎ የሚጎትት ወይም መንገድ የሚዘጋ ሰው ቢጫ ካርድ ያገኛል። ሁለተኛው ቢጫ፣ ወይም አንድ ቀይ፣ ከውድድር ያስወጣዋል።

መጠጥ የሚቀርበው ውሃ ላይ ከተሠራ መድረክ ነው። አሠልጣኙ ጫፉ ላይ ኩባያ የታሰረበት ረጅም ዘንግ ይዘረጋል፤ የአገሩ ባንዲራም ስለሚታሰርበት ዋናተኛው ከሩቅ ይለየዋል። ተወዳዳሪው በጀርባው ተገልብጦ ይጠጣና ይቀጥላል። አንዳንዶች በከረጢት ያለ ጄል በዋና ልብሳቸው ውስጥ ሸጉጠው ይይዛሉ። ሲጨርሱ ከውሃው በላይ የተንጠለጠለውን ሰሌዳ በእጅ መምታት ግዴታ ነው።

ኮፓካባና፣ 2016

ቤጂንግ በ2008 ውድድሩን ያደረገችው ለጀልባ ቀዘፋ በተሠራ የተረጋጋ ውሃ ላይ ነበር። እዚያ ከካንሰር የዳነው ሆላንዳዊ ማርተን ቫን ደር ቫይደን ወርቅ ወስዷል። እግሯ የተቆረጠው ደቡብ አፍሪካዊት ናታሊ ዱ ቶይት ደግሞ 16ኛ ወጥታለች። ለንደን በ2012 ሃይድ ፓርክ ውስጥ ባለ ሐይቅ አዘጋጀች። እዚያ ያሸነፈው ቱኒዚያዊው ኡሳማ መሉሊ ነው። በቤጂንግ በገንዳ 1500 ሜትር ወርቅ ነበረው። በገንዳም በክፍት ውሃም የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው አፍሪካዊ መሆኑ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

ውድድሩ እውነተኛ ቤቱን ያገኘው ግን በሪዮ ነው፤ በኮፓካባና ዳርቻ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ። በወንዶቹ ውድድር አውስትራሊያዊው ጃሮድ ፑርት ብቻውን ተገንጥሎ ከአንድ ደቂቃ በላይ መራ። በመጨረሻው ዙር ተደረሰበት፤ ከዚያም ብዙዎች አልፈውት ሄዱ። ሆላንዳዊው ፌሪ ዌርትማንና ግሪካዊው ስፒሮስ ያኒዮቲስ 1:52:59.8 በሆነ ተመሳሳይ ሰዓት ገቡ። ፎቶው ሲታይ ሰሌዳውን ቀድሞ የመታው ዌርትማን ነበር።

የሴቶቹን ሆላንዳዊቷ ሻሮን ቫን ራውቨንዳል በሰፊ ልዩነት አሸነፈች። ፈረንሳዊቷ ኦሬሊ ሙለር ሁለተኛ ብትነካም ሰሌዳው ላይ ጣሊያናዊቷን ራኬሌ ብሩኒን ስለተጫነቻት ከውድድር ውጪ ሆነች። ፈረንሳይ ተቃውማ ነበር፣ ግን ውሳኔው ትክክል ነው። ነሐሱ አራተኛ ለገባችው ብራዚላዊት ፖሊያና ኦኪሞቶ ሆነ፤ በለንደን ብርዱ አስጨንቋት ውድድሩን አቋርጣ ነበር። በአገሯ ዳርቻ የብራዚል የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ባለቤት ሴት ዋናተኛ ሆነች።

የ2024ቱ የፓሪስ ውድድር በሴን ወንዝ ነበር። የውሃው ንጽሕና ብዙ አከራክሯል።

ፉጃይራና የሙቀት ደንቡ

በጥቅምት 2010 በተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች፣ በፉጃይራ በተደረገ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ አሜሪካዊው ፍራን ክሪፐን ሞተ። 26 ዓመቱ ነበር። መጥፋቱን ያስተዋሉት ሲጨርሱ ያጡት የቡድን ጓደኞቹ ናቸው። ባሕሩ 30 ዲግሪ ገደማ ነበር። የሞቱን ምክንያት አንዳንዶች ሙቀቱ ነው ይላሉ፣ የዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን ምርመራ ደግሞ የጤና ችግር ሊኖር እንደሚችል ጠቁሟል። ምናልባት ሁለቱም ይሆናል። ጥበቃው የላላ እንደነበር ግን ማንም አይክድም።

ከዚያ በኋላ ውሃው ከ31 ዲግሪ በላይ ከሆነ ውድድር እንዳይደረግ ተደነገገ። ዝቅተኛው 16 ነው። ከጎማ የተሠራው የቅዝቃዜ መከላከያ ልብስ ውሃው ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን አይፈቀድም። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ውድድሩ ከጠዋቱ 12:30 የተጀመረው ሙቀቱን ለማምለጥ ነበር።

ለሁሉም ክፍት የሆኑ ውድድሮች

የባሕር ዋና የሻምፒዮኖች ብቻ አይደለም። ከ1991 ጀምሮ በምዕራብ አውስትራሊያ ከኮተስሎ ዳርቻ እስከ ሮትነስት ደሴት 19.7 ኪሎ ሜትር ይዋኛል። ብቻውን የሚሞክር አለ፣ በቡድን የሚቀባበልም አለ። በሃዋይ የዋይኪኪ ውድድር ከ1970 ጀምሮ አለ፤ ርቀቱ 3.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1978 የመጀመሪያው አይረንማን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው የሚደረጉበት ውድድር) ሲታሰብ የዋናው ክፍል በዚህ ውድድር ርቀት ተለካ። ዛሬም የአይረንማን ተወዳዳሪዎች የሚዋኙት ያንኑ 3.8 ኪሎ ሜትር ነው።