የዲኤንኤ ጉዳትና ሚውቴሽን፦ ልዩነቱ የት ላይ ነው?
ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል። ቅዳሜ ገበያ ሲሸጥ የዋለ ሰው ቆዳው ላይ የዲኤንኤ ጉዳት ይደርሳል፤ ሚውቴሽን ግን ገና አልተፈጠረም። ጉዳት ማለት ለምሳሌ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቲሚኖች (ቲሚን ከዲኤንኤ አራት «ፊደሎች» አንዱ ነው) እርስ በርስ ሲጣበቁ ነው። ጠጋኝ ኢንዛይሞች ቆርጠው ያወጡትና ክፍተቱን ከተቃራኒው ሰንሰለት እያዩ ይሞሉታል። ሚውቴሽን የሚባለው ፊደሉ ተለውጦ ሲባዛ ነው፤ ያኔ ሁለቱም ሰንሰለቶች ስለሚስማሙ ጠጋኙ ስህተቱን የሚለይበት ምልክት አያገኝም።

ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚታለፍ ካሳዩት አንዷ የዘረመል ተመራማሪዋ ኤቭሊን ዊትኪን ናት። በ1944 እ.ኤ.አ. ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ በአልትራቫዮሌት መታ ጨረሩን የሚቋቋም ዝርያ ለየች። ኋላ እሷና ሌላው ተመራማሪ ሚሮስላቭ ራድማን የደረሱበት የባክቴሪያው የአደጋ ጊዜ ምላሽ፣ «ኤስኦኤስ ምላሽ»፣ እንዲህ ይሠራል፦ የዲኤንኤው መቀዳት ጉዳቱ ላይ ሲደናቀፍ ራቁቱን በቀረው ነጠላ ሰንሰለት ላይ ሬክኤ የተባለ ፕሮቲን ይጠመጠማል፤ ጂኖችን ዘግቶ የሚይዘው አፋኝ ፕሮቲን ሌክስኤ ራሱን ይቆርጣል፤ ወደ 40 የሚጠጉ ጂኖች ይከፈታሉ። ቀድመው የሚነሡት ጥንቁቆቹ ጠጋኞች ናቸው። እነሱ ካልቻሉት ዘግይቶ ፖሊሜሬዝ 5 የተባለ ዲኤንኤ ቀጂ ኢንዛይም ይመጣና ያገኘውን ፊደል እየሰካ ያልፋል፤ የተሳሳተ ፊደል ሲሰካ ሚውቴሽን ይመጣል። እዚህ ላይ «ጥገና» ማለት ራሱ ያሳስታል፤ ጉዳቱ ታለፈ እንጂ አልተጠገነም። የሰው ሴል ሌክስኤ ባይኖረውም ጉዳትን የሚዘሉ የራሱ ፖሊሜሬዞች አሉት።