«ሕጉ ማንን አሰረ?» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ጠበቃ ነኝ። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ይሻር ባልኩ ቁጥር የሚመለስልኝ ያው የለመድኩት ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጋብቻ ልታስፈቅዱ ነው።» አይደለም፤ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ሞዛምቢክ በ2015 ክልከላውን ከወንጀል ሕጓ አወጣች። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ግን ዛሬም የለም።

«ሕጉ የአባቶቻችን ነው።» የማን አባት? ግንኙነቱን ወንጀል ያደረገውን የሕንዱን አንቀጽ 377 በ1860 ያወጡት እንግሊዞች ናቸው። ቦትስዋናና ኡጋንዳም የወረሱት ከእነሱ ነው።

«ሃይማኖት ይከለክላል።» ይከልክል። ኃጢአት ሁሉ እስር ቤት አያስገባም። የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት ፍራንሲስ እንኳ በ2023 ኃጢአትና ወንጀልን ለዩ ብለዋል።

«ደግሞስ ማን ታሰረበት? ወረቀት ላይ ቢቀመጥ ምን ቸገራችሁ?» ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው።

የሰሜን አየርላንዱ ጄፍሪ ዳድጀን አልተከሰሰም። ፖሊስ ግን ደብዳቤዎቹንና የግል ማስታወሻዎቹን ወሰደ። ጣቢያ አስቀምጦም ስለ ወሲብ ሕይወቱ ለሰዓታት መረመረው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ1981 የሕጉ መኖር በራሱ የግል ሕይወቱን ይነካል ሲል ፈረደለት። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴም በ1994 በአውስትራሊያዋ ግዛት በታዝማኒያ ነዋሪው በኒኮላስ ቱነን ጉዳይ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጠ። እዚያም ሕጉ ለዓመታት ማንንም አልከሰሰም ነበር።

ያልተሠራበት ሕግ የሚያገለግለው አስፈራሪን ነው። አንድ ደንበኛዬ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። «እስከ ማታ ገንዘቡን ካልላክህ ፎቶው ለአባትህ ይደርሳል» ይላል። ላኪው ስሙን እንኳ አልደበቀም። ምን አስፈርቶት? ተበዳዩ ጣቢያ ቢሄድ መጀመሪያ የሚመረመረው ራሱ ነው።

እንዲህ ያለ መልእክት ከደረሰህ አትክፈል። አንዴ ከቀመሰ ይመለሳል። መልእክቱን አታጥፋው፤ ቀኑና ስልክ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገህ ስክሪንሾት አንሳ። ጣቢያ ከመሄድህ በፊት ጠበቃ አማክር። ለጠበቃህ ደግሞ ሁሉንም ንገረው፤ ምስጢርህን መጠበቅ ሥራው ነው። ግማሹን ደብቀው መጥተው «ለምን ተሸነፍን?» የሚሉኝ ያቃጥሉኛል።

«ልጆቻችንስ?» ክርክሩ በፈቃዳቸው አብረው ስለሆኑ አዋቂዎች ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 አንቀጽ 377ን የሻረው ለእነሱ ብቻ ነው። በልጆች ላይ ወይም ያለ ፈቃድ የተፈጸመ ድርጊት ወንጀልነቱን ፍርዱ አልነካውም።