አብላጫ ድምፅ ማለት ከግማሽ በላይ ማለት አይደለም

ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ጓደኛዬ «ሃምሳ በመቶ ያላገኘ ሰው እንዴት ፓርላማ ይገባል?» ብሎ ሞገተኝ። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ይላል። አብላጫ ማለት ከእያንዳንዱ ተፎካካሪ መብለጥ ነው፣ በቃ። ጠረጴዛው ላይ 20 የቆሎ ፍሬ ደርድሬ አሳየሁት፦ ለአንዱ 8፣ ለሌላው 7፣ ለሦስተኛው 5። ባለ 8ቱ ገባ። የቀሩት 12 ፍሬዎች ወንበር የላቸውም። እኔን ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እነሱም ፀሐይ ላይ ተሰልፈው የመረጡ ሰዎች ናቸው።

ሌላው አምታች ቃል «የምርጫ ክልል» ነው። አማራ ክልል እንደምንለው አይደለም። አንድ የፓርላማ ተወካይ የሚመረጥበት አካባቢ ነው። አማራ ክልል ውስጥ 138 አሉ፣ በአገር ደረጃ 547።

ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ባሕር ዳር ተሰልፈን በቀጥታ አንመርጠውም፤ የምንመርጠው የአካባቢያችንን ተወካይ ነው፣ ተወካዮቹ ደግሞ ከመካከላቸው ይመርጡታል።

በ1987 የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ሲጀመርም ደንቡ ይኸው ነበር። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። ለዚያ ውጤት ሌላም ምክንያት ነበረው፣ የፖለቲካ ሜዳው መጥበብ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ቆጠራው በወንበር ስለሆነ፣ በየምርጫ ክልሉ ለተሸነፉት የተሰጠው ድምፅ ሁሉ ፓርላማ ሳይደርስ እዚያው ቀረ።