ኢንተርፖሌሽን ምንድን ነው?

«ጨዋታዬ ላይ ኢንተርፖሌሽን ስጨምር የኔትወርኩ መዘግየት ጠፋ፤ ቁልፉን ስጫን ወዲያው ይንቀሳቀሳል» የሚል አስተያየት ሰሞኑን እንደገና አነበብሁ። ብቻቸውን ጨዋታ ሠርተው ኦንላይን ለማድረግ የሚደክሙ ወጣቶች ይህን አምነው ብዙ ድካም ስለሚያባክኑ ዝም ማለት አልቻልሁም። ኢንተርፖሌሽን መዘግየትን አያጠፋም፤ እንዲያውም ሆን ብሎ ይጨምራል።

ሰርቨሩ (ተጫዋቾቹን የሚያገናኘው ማዕከላዊ ኮምፒውተር) የተጫዋቾችን ቦታ በሴኮንድ 20 ጊዜ ሲልክ ስክሪኑ 60 ጊዜ ይስላል፤ የኢንተርፖሌሽን ሥራ በሁለት መልእክቶች መካከል የጎደለውን መሙላት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ልጇ በየከተማው እየደወለላት ጉዞውን በካርታ ላይ በጣቷ የምትከተል እናት እናስብ። ጣቷን ከፍቼ ወደ ጎሐ ጽዮን ያለ ስህተት ልታንሸራትት የምትችለው ልጇ ጎሐ ጽዮን መድረሱን ከሰማች በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ጣቷ የሚያሳየው ሁልጊዜ ያለፈበትን እንጂ አሁን ያለበትን አይደለም። የቫልቭ ኩባንያ የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር የሆነው ሶርስ ኢንጂን ሌሎች ተጫዋቾችን በመነሻ ቅንብሩ 100 ሚሊሴኮንድ ወደ ኋላ የሚያሳየውም ለዚህ ነው፤ አንድ መልእክት መንገድ ላይ ቢጠፋ እንኳ እንቅስቃሴው አይቆረጥም።

እናትየዋ ስልክ ሳትጠብቅ ጣቷን በግምት ወደ ፊት ብትገፋ ያ ኤክስትራፖሌሽን ነው። ልጇ ጎሐ ጽዮን ምሳ እየበላ ሳለ ጣቷ ዓባይ በረሃ ትወርዳለች፤ ሲደውል ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርባታል፤ በስክሪን ላይ የምናየው ድንገተኛ ዝላይም ይኸው ነው። አስተያየት ሰጪው «ቁልፉን ስጫን ወዲያው ይንቀሳቀሳል» ያለው ግን ከሁለቱም ይለያል፤ የራስን ገጸ ባሕርይ ሰርቨሩን ሳይጠብቅ የሚያንቀሳቅሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ኩዌክወርልድ (የኩዌክ ጨዋታ የኦንላይን ቅጂ) የተጠቀመበት ፕሬዲክሽን ነው።

ምሳሌው እዚህም ይሠራል፦ ልጁ በአውሮፕላን ቢሄድ ጣትን በመንገዱ ላይ ማንሸራተት ስህተት ነው፤ ሞቶ ሌላ ቦታ የሚነሣ ገጸ ባሕርይም ኢንተርፖሌት መደረግ የለበትም። ገጸ ባሕርዩ የዞረበት ማዕዘን ከ350 ወደ 10 ዲግሪ ሲቀየር በ20 ዲግሪው አቋራጭ እንጂ በ340ው መሄድ የለበትም። የእግር አኒሜሽን ደግሞ በስክሪኑ ላይ ከሚታየው ፍጥነት እንጂ መጨረሻ ከደረሰው መልእክት መነሣት የለበትም፤ አለዚያ እግሩ መሬት ላይ ይንሸራተታል። ተኩስ ያለበት ጨዋታ ከሆነም፣ ተኳሹ የሚያልመው ያለፈውን ቦታ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ኢላማው መመታቱን ከመፍረዱ በፊት ጊዜውን በዚያው መጠን ወደ ኋላ መመለስ አለበት።